ከአንድ ሲኒያ፦ የዴም ገበታና የሊባኖስ መዜ



ባለፈው ወር በእረፍት ሰዓት የአራተኛ ክፍል ልጆች ምሳቸውን ይዘው ዛፉ ሥር ሲቀመጡ እያየን ነበር። ሦስት ክብ ሠሩ። አንደኛው ክብ የአንድ ቋንቋ ልጆች፣ ሁለተኛው የሌላ ቋንቋ ልጆች፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም ወገን ያልጠሯቸው ልጆች ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም። በትልልቆቹ መካከል ያለው ቂም ወርዶ ወርዶ የልጆቹ እንጀራ ላይ አረፈ ማለት ነው። ጠጋ ብለን «ለምን አብራችሁ አትበሉም?» ብንል አንዲት ልጅ ቀና ብላ «ቲቸር፣ የራሽኑ ካርድ ለየብቻ አይደል እንዴ?» አለችን።

እውነቷን ነው። ካርዱ በቤተሰብ ነው፤ ዱቄቱም ዘይቱም በራስ ቁጥር ይሰፈራል። መልስ አጥተን ተመለስን። ማታ ግን እንቅልፍ ስላልወሰደን አብሮ ስለመብላት የምናውቀውን ታሪክ መጻፍ ጀመርን። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው። ለሌሎቻችሁም ለታሪክና ለማኅበራዊ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይጠቅማችሁ ይሆናል። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴም ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ወደዚህ ካምፕ ከመምጣታችን በፊት የኖርነው ካርቱም፣ ዴም ነው። ካርቱም ገብቶ ዴምን ሳይረግጥ የቀረ ሐበሻ ጥቂት ነው። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ የቡናው ረከቦት እዚያ ይገኝ ነበር። ሥራ የሚጠየቀው፣ ቤት የሚፈለገው፣ ከአገር የመጣ ወሬ የሚሰማውም እዚያው ነበር።

ለመሆኑ ስሙ ከየት መጣ? ዴም በሱዳን አረብኛ «ካምፕ»፣ በተለይም «የጦር ሰፈር» ማለት ነው። ዛሬ በደቡብ ሱዳን የሚገኘው ዴም ዙቤይር የተባለው ከተማ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ካምፕ ከነበረው ከባሪያ ነጋዴው ከዙቤይር ነው። በእኛም አገር «ሰፈር» የሚለው ቃል የመጣው «ሰፈረ» ከሚለው ግስ ነው። የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንላቸው፣ መኳንንቱና ጭፍሮቻቸው ወይም የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች የሰፈሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። እንግዲህ ካምፕ የሚለው ቃል ሊያሳፍረን አይገባም። ብዙ ከተማ ካምፕ ሆኖ ነው የጀመረው።

ካርቱም በ1885 በማህዲስቶች እጅ ከወደቀች በኋላ ፈርሳ ነበር። በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ሱዳንን ሲይዝ ጄኔራል ኪችነር ከተማዋን እንደ አዲስ አሠራት። ወንዙ ዳር ያለው ቦታ ለገዢዎችና ለባለሥልጣኖች ሆነ። ጡብ የሚሸከመው፣ ሐዲድ የሚዘረጋው፣ ውኃ የሚቀዳው ሠራተኛ ግን ከከተማው በስተደቡብ፣ ከውጭ በኩል በጭቃ ቤት ሰፈረ። እነዚያ መንደሮች ናቸው «ዴሞች» የተባሉት። ነዋሪዎቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች፣ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ከምዕራብ የመጡ ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። ከ1949 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ድሮ ዴሞችን አፍርሶ ሕዝቡን ወደ ደቡብ ገፋ አድርጎ አዲስ ቦታ ሰጠው። የዛሬው ዴም ያ ነው። ስለዚህ ዴም ከመጀመሪያውም የተፈናቃይ ሰፈር ነው። እኛ የመጨረሻዎቹ እንጂ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

ከ1967 ወዲህ ኤርትራውያን በብዛት ወደ ሱዳን መሰደድ ጀመሩ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ በተለይም በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ተማሪውና ወጣቱ ከጎንደር በመተማ፣ ከትግራይ በሑመራ በኩል ተሻገረ። በ1977ቱ ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። ኡም ራኩባ የተባለው ካምፕ ያን ጊዜ ስደተኛ ያስጠጋ፣ በኋላ የተዘጋ፣ በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ምክንያት እንደገና የተከፈተ ነው። ከየካምፑ ሾልኮ ካርቱም የገባው ደግሞ ማረፊያው ዴም ሆነ።

የዴም ሲኒያ

እኛ ዴም ስንገባ ዩኒቨርሲቲ አቋርጠን የመጣን ልጆች ነበርን። ለአራት አንድ ክፍል ተከራየን። ቀን ያገኘነውን ሥራ እየሠራን፣ ማታ የማኅበረሰቡን ልጆች ፊደልና ሒሳብ እናስተምር ነበር። አንድ ምጣድ እንኳን አልነበረንም። የመጀመሪያውን ሳምንት የበላነው ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ሲኒያ ነው።

ሲኒያ ትልቅ ክብ የብረት ትሪ ነው። መሐሉ ላይ የፉል ሳህን፣ ዙሪያውን ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ አይብ፣ ጣዕሚያ፣ ሚጥሚጣ የመሰለችው ሸጣ ይደረደራል። ፉሉ በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ይደቆስና የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል። ሱዳኖች ቁርሳቸውን፣ ፈጡር የሚሉትን፣ የሚበሉት ረፋድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጋራዡም፣ ሱቁም፣ መሥሪያ ቤቱም ሥራ ያቆማል፤ ሁሉም በየሲኒያው ዙሪያ ይቀመጣል። የሚያልፍ ሰው ካለ «ኢትፈደል!» ይባላል፤ የእኛ «እንብላ!» መሆኑ ነው። ገንዘብ ያጠረው ተማሪ ደግሞ ዳቦ ቆራርሶ የፉል ውኃ አፍስሶበት «ቡሽ» ሠርቶ ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። ቡሽ ለብቻ ሲበላ ብዙም አላየንም። አንድ ዳቦ ለአምስት ሰው እንዲበቃ የተፈጠረ ምግብ ነውና!

በረመዳን ደግሞ ሲኒያው ከቤት ይወጣል። ጀምበር ስትጠልቅ የየመንገዱ ወንዶች ምንጣፍ ዘርግተው ከየቤቱ የመጣውን ትሪ አንድ ላይ ደርድረው አላፊ አግዳሚውን ይጠራሉ። ከካርቱም ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይማ መንደርተኛው ጥምጣሙን ፈትቶ አስፋልቱ ላይ እንደ ገመድ ወጥሮ አውቶቡስ ያስቆማል፤ ተሳፋሪው ሳያፈጥር አይለቅም። ክርስቲያን ነህ ወይ፣ የየት አገር ሰው ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በነገራችን ላይ የእኛ «ሲኒ» እና የእነሱ «ሲኒያ» ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የመጡት በአረብኛ ቻይናን ከሚያመለክተው «ሲን» ከሚለው ቃል ነው። የቻይና ሸክላ በንግድ ሲመጣ ስሙን ይዞ መጣ። እኛ ጋ ለቡናው፣ እነሱ ጋ ለትሪው ሆነ።

መዜን ያወቅነው በሳህን አጠባ ነው

መዜ የሚባለውን የሊባኖስና የሶርያ ገበታ ያወቅነው በመጽሐፍ አይደለም። በ2011 የሶርያ ጦርነት ሲጀመር ሱዳን ለሶርያውያን ያለ ቪዛ ክፍት ነበረች፤ ያ ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ 2020 ዘልቋል። በዚህም ምክንያት ካርቱም በሶርያ ምግብ ቤቶች ተሞላች። ባለቤቱ ከደማስቆ የተሰደደ፣ ሳህን አጣቢው ከጎንደር የተሰደደ፣ ተመጋቢው ደግሞ የአገሩ ሰው! እኛም ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ለስምንት ወር ሳህን አጥበናል።

የሚታጠበው ሳህን ብዛቱ ገረመን። አራት ሰው ከተነሣበት ጠረጴዛ ሃያ፣ ሠላሳ ትንንሽ ሳህን ይመጣል። ከሽምብራና ከጠሒና የሚሠራው ሑሙስ፣ ከተጠበሰ ባዲንጃን የሚሠራው ሙተበል፣ ፐርሰሜሎ የበዛበት ተቡሌ ሰላጣ፣ የተጠለለ እርጎ የሆነው ለብኔ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የወይራ ፍሬ፣ ከስንዴ ክክና ከሥጋ የተደበለበለ ኪቤ ነው። ማንም የራሱ ሳህን ላይ ቆልሎ አይበላም። ዳቦውን እየቆረሰ፣ ዳቦውን ማንኪያ አድርጎ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እያነሣ ረዥም ሰዓት ይጫወታል። እኛ በእንጀራ የምናደርገውን እነሱ በዳቦ ያደርጉታል። የሚበላን ሰው «ሰሕቴን» ይሉታል፣ ሁለት እጥፍ ጤና ይስጥህ እንደማለት ነው። እሱም «ዐላ አልባክ» ብሎ ይመልሳል፣ ለልብህ ይሁን ነው ነገሩ።

ቃሉ በመነሻው «ጣዕም» የሚል ትርጉም ካለው የፋርስ ቃል በቱርኮች በኩል እንደመጣ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። (ከእኛ «ማዛ» ጋር ግን አይዛመድም። የእኛው ከግዕዝ «መዓዛ» የመጣ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም!) የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ከባልካን እስከ አረብ አገር ለዘመናት ሲገዛ ልማዱም አብሮ ተሠራጨ። በግሪክም፣ በቱርክም፣ በሶርያም መዜ አለ። በሊባኖስ ግን ዛሕሌ የተባለችው የቢቃዕ ሸለቆ ከተማ በተለይ ትጠራበታለች፤ በበርደውኒ ወንዝ ዳርና ዳር በተሠሩት ምግብ ቤቶቿ የታወቀች ናት። በ2013 ዩኔስኮ ዛሕሌን በምግብ ጥበብ ከሚታወቁ ከተሞች ተርታ አስገብቷታል። በግንቦት 2010 ደግሞ ሊባኖሶች 10,452 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሳህን ሑሙስ ሠርተው የዓለም ክብረ ወሰን ያዙ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ የአገራቸው ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

ከእናንተ መካከል በገዳሪፍ ወይም በሑመራ እርሻ ላይ ሰሊጥ ያረማችሁ፣ ያጨዳችሁ ትኖራላችሁ። ጠሒና የሚሠራው ከሰሊጥ ነው። ሱዳን ከዓለም ታላላቅ ሰሊጥ አምራቾች አንዷ ናት፤ የሑመራ ሰሊጥም በመካከለኛው ምሥራቅ የጠሒና ፋብሪካዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ሽምብራውም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአፍሪካ ብዙ ሽምብራ የምታመርተው ኢትዮጵያ ናት። እንግዲህ ያ ጠረጴዛ ላይ ላባችን ነበረበት ማለት ነው። ወንበር ግን አልነበረንም።

ሶርያውያን በካርቱም አዲስ አይደሉም

የታሪክ ነገር ሲነሣ አንድ ጉዳይ እንጨምር። የዛሬዋን ሊባኖስ ጨምሮ ከዚያ አካባቢ የመጡ ሰዎች ሱዳን የገቡት በ2011 አይደለም። በ1898 ከኪችነር ጦር ጋር አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆነው የመጡ ነበሩ። ናዑም ሹቀይር የተባለው የሊባኖስ ተወላጅ በግብፅ ጦር የስለላ ክፍል እየሠራ ትልቁን የሱዳን ታሪክ መጽሐፍ በ1903 አሳትሟል። ኤድዋርድ ዐጢያ የተባለው ሌላ የሊባኖስ ተወላጅ ደግሞ በ1920ዎቹ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ፣ በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሆነው፣ አስተማሪ ነበር። በ1946 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ካሳዘኑት ነገሮች አንዱን ጽፏል፦ በኮሌጁ የእንግሊዛውያን መምህራን ማረፊያ ክፍል ሌላ፣ የሱዳናውያንና የሶርያውያን መምህራን ማረፊያ ሌላ ነበር። በአንድ ጥቁር ሰሌዳ የሚያስተምሩ ሰዎች ሻይ የሚጠጡት ለየብቻ ነው። እኛ መምህራን ይህንን ደጋግመን ብናስበው ደግ ነው።

ሥጋ ይለያል፣ ባቄላ ያገናኛል

በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላሙን እርድ፣ እስላሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳን ሁለቱም እምነት ስላለ በሠርግ ጊዜ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት ይዘጋጃል። ይህ ጥንታዊ ሥርዓት ነው፤ ማንም እንዲተወው አንሰብክም። ነገር ግን አስተውሉ፦ በዴም ሐበሻውና ሱዳናዊው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከአንድ ሲኒያ ሲበላ መሐል ላይ ያለው ምን ነበር? ፉል ነው፤ ምስር ነው፤ ሽሮ ነው። ባቄላና ምስር አይታረድም!

የእኛ የጾም በያይነቱ ከመዜ ጋር የሚቀራረበው በዚህ ነው። አንድ ትሪ እንጀራ ላይ ሽሮው፣ ክኩ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስልጆው፣ ከባቄላ የሚሠራው እልበት በየጥጉ ይቀመጣል። እልበትን ያየ ሊባኖሳዊ የሑሙስ ዘመድ መሰለው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሊባኖስም እንደዚሁ ናት። በሕግ የታወቁ 18 የሃይማኖት ወገኖች አሏት። የክርስቲያኖቹ የጾም ምግቦች፣ ያለ ሥጋ በዘይት የሚሠሩት፣ ሁሉም ወገን ከሚበላቸው የመዜ ሳህኖች መካከል ናቸው። ከመዜ ጋር የሚጠጣውን ዐረቂ ሙስሊሙ ይተወዋል፤ ከሳህኑ ግን ይቀርባል። ሰላሳ ሳህን ሲኖር ሁሉም የሚበላው አያጣም፤ የማይበላውንም ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ ድስት ብቻ ከሆነ ግን «ትበላለህ ወይስ አትበላም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ጠብ የሚጀመረውም እዚያ ላይ ነው።

የመዜው አገር ረሃብም ያውቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1915 እስከ 1918፣ በሊባኖስ ተራራ አንበጣ ወረደ፣ የባሕሩ በር በጦር መርከብ ተዘጋ፣ እህሉን የቱርክ ጦር ወሰደው። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው፣ ከሕዝቡ ሲሦ የሚሆነው፣ እንዳለቀ ይገመታል። ዛሬ ያ ሁሉ ሳህን ሲደረደር የምናይበት አገር የዛሬ መቶ ዓመት ሣር የሚለቀምበት ነበር። የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ከወላጆቻችን የሰማን ሰዎች ይህ ይገባናል።

ገበታ ያስቀምጣል፣ ገበታ ያቆማል

ታሪክ የምናስተምር ከሆነ ግን ጥሩውን ብቻ አንናገር። ገበታ የሚያቀራርበውን ያህል ይለያል። በአፄ ምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲበላ ንጉሡ በመጋረጃ ተጋርደው ይመገቡ ነበር፤ መኳንንቱ በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ተገልጦ ወታደሩ በየተራ ይገባል። ሁሉም ከአንድ ጌታ ቤት በላ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ግን ሥጋው ሳይቆረጥ የታወቀ ነው። በየቤታችንስ? አባትና እንግዳ መሶቡን ከበው ሲበሉ ልጅ ኩራዝ ይዞ ይቆም ነበር፤ እናት ከሁሉ በኋላ ከጓዳ ትበላለች። ጉርሻ የሚባለው ደግ ልማድ ባይኖር ኖሮ ኩራዝ ያዡ ልጅ ጦሙን ያድር ነበር።

በሊባኖስ ያሉትን እህቶቻችንንም እናስባቸው። የቤት ሠራተኛ ሆነው ከሄዱት የውጭ አገር ሴቶች በቁጥር የሚበዙት ለረዥም ጊዜ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ተቡሌውን የሚከትፉት፣ የወይን ቅጠሉን የሚጠቀልሉት እነሱ ናቸው። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ኑሯቸውም ወረቀታቸውም በአሠሪው እጅ ነው። ብዙዎቹ ያንን ሁሉ ሳህን አቅርበው ሲያበቁ የሚበሉት ወጥ ቤት፣ ቆመው ነው። በሰኔ 2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ብዙ ኢትዮጵያውያትን ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። በነሐሴ 4 ቀን 2020 ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ግን ዶራና ቡርጅ ሐሙድ በተባሉት ሰፈሮች እሑድ እሑድ እህቶቻችን እየተሰበሰቡ እንጀራ ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። ለእነሱ ያ ትሪ የተቀመጡበት ገበታ ነው።

እኛ በሠራንበት ምግብ ቤትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። የሠራተኛ ምሳ ከጠረጴዛ የተመለሰው ነበር፤ እሱንም ከጓሮ በር አጠገብ ቆመን ነው። ስደተኛ ስደተኛን ያቆማል ብለን አልጠበቅንም ነበር። በኋላ ስናስበው ግን እኛም ዴም ቤታችን ውኃ የምታመጣልንን የኑባ ተወላጅ ልጅ አንድ ቀን «እንብላ» ብለናት አናውቅም። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.

የካርቱም ጦርነት የጀመረበት ቀን ቅዳም ሥዑር ነበር፤ በማግስቱ ፋሲካ ነው። ለሙስሊሞቹ ደግሞ የረመዳን 24ኛ ቀን። እኛም እነሱም ጾመኞች ነበርን ማለት ነው። እኛ ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ ጠዋት የከባድ መሣሪያ ድምፅ መጣ። መብራት ጠፋ፣ ውኃ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። ዶሮዋን ያረድናት እኛ ስለሆንን ጎረቤታችን ሐጃ ከወጡ እንደማይቀምሱ እናውቃለን። ስለዚህ እንቁላሎቹን ወጥ ውስጥ ከመጨመራችን በፊት ስምንቱን ለብቻ አስቀርተን ለማፍጠሪያ ላክንላቸው። እሳቸው ደግሞ በልጅ ልጃቸው እጅ ትኩስ የምስር ሾርባ ላኩልን፤ ቅቤ እንኳን አላስገቡበትም፣ ጾማችን እስከ ሌሊት መሆኑን ያውቃሉ። በጥይት መሐል ግቢ አቋርጦ የመጣ የምስር ሳህን! በሳምንቱ እኛ ወደ ምሥራቅ ተጓዝን፣ እሳቸው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማንም።

ጦርነቱ ሲገፋ ካርቱምን ያበላው ማን ነው? በየሰፈሩ የተነሡ ወጣቶች ናቸው። «የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች» በሚል ስም ተደራጅተው «ተካያ» የተባሉ የሕዝብ ወጥ ቤቶችን ከፈቱ። ተካያ ከሱፊ ሼኮች የወረሱት የቆየ ልማድ ነው፤ ለመንገደኛና ለድሃ የሚጣድ ትልቅ ድስት ማለት ነው። የሚበስለው አብዛኛውን ጊዜ ፉልና ምስር ነበር። በነሐሴ 2024 በዳርፉር በዘምዘም ካምፕ ረሃብ መግባቱ በይፋ ሲረጋገጥ፣ በብዙ ቦታ በሕዝቡና በሞት መካከል የቆመው ይህ ድስት ነበር። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱን መልሶ ሲይዝ ዴምን ጨምሮ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ነበር። በዚያው ዓመት እነዚያ የወጣት ማኅበራት «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ልብ በሉ፣ በተካያ ተሰልፎ የሚቀበለውን ሰው ካርድ የሚጠይቀው አልነበረም።

ወደ ዛፉ ሥር ስንመለስ

እንግዲህ ለዚያች ልጅ የምንላት ይህን ነው። አዎ፣ ካርዱ ለየብቻ ነው። ዴምም ሲመሠረት ለየብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ጎጆ፣ የራሱ ቋንቋ ነበረው። ካምፑን ሰፈር ያደረገው ሲኒያው ነው። ካርድ እህል ይሰፍራል እንጂ ማን ከማን ጋር ይብላ የሚል ሕግ የለውም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት አባቶቻችን ረሃብን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ከወላጆች አንድ ትልቅ ትሪ ተውሰን ዛፉ ሥር አስቀመጥን። ሕጉ አንድ ነው፦ ከየቤቱ የመጣው ትንሽም ቢሆን ትሪው ላይ ይቀመጥ፣ ሥጋ ያለው ግን ለብቻ ሳህን ይደረግ። የመጀመሪያው ቀን ከሠላሳ አንድ ልጆች የተቀመጡት አሥራ አራት ናቸው። በሁለተኛው ቀን አሥራ ሰባት። ሁለት ወላጆች መጥተው ተቆጡን። ምክንያታቸውን አዳመጥን፤ የሞተባቸው ሰው አለ፤ አንፈርድባቸውም። ትሪውን ግን አላነሣንም። የራሽን ካርዱን ጉዳይ የነገረችን ልጅ እስካሁን ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትበላው። ትናንት ግን አንዲት ሌላ ልጅ ከኋላዋ ሄዳ ጉርሻ አጎረሰቻት። ጎረሰች። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር የለም፤ ለጊዜው ይበቃናል።

መምህራን፣ በየክፍላችሁ ብትሞክሩት ውጤቱን ጻፉልን። መምህራንም ሻያችንን የት የት እየተቀመጥን እንደምንጠጣ እንይ።

ለክፍል ውስጥ ውይይት፦

1. በሰፈራችሁ ወይም በቤታችሁ ገበታ መጀመሪያ የሚቀመጠው ማን ነው? መጨረሻ የሚበላውስ? ለምን ይመስላችኋል?
2. «ዴም» እና «ሰፈር» የሚሉትን ቃላት አነጻጽሩ። ካምፓችን ሰፈር እንዲሆን ምን ይጎድለዋል?
3. አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤት ሽማግሌዎችን ጠይቁ፦ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲበሉ ምን ይቀርብ ነበር? የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ።

ቸር ይግጠመን።